ሌባ ጣት

ንፋሱ የአዳማ ነው፤ ዱካ አያሳድርም፣
የረገጠን እግር እስኪነጋ አያኖርም።
«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ ሲተርቱ፤
ቦኩ ግርጌ ሬሳ ጠብቀው አያውቁም መሰለኝ ያሉቱ።
እዚህ ያደረ ዱካ አቧራ ይሆናል፣
ያደረ ምስክር የሰማውን «አየሁ» ይላል።
ስለዚህ ሮጥን፣
ሌሊት አስር ሰዓት፣ እኔና ኮንስታብል ሲፈን፣ በባጃጅ፤
የጣቢያው መኪና ናፍጣ የለውም፣ ቆሟል ከደጅ።

የሽንኩርት መጋዘን። ከኋላ በር መሰላል።
ከመሰላሉ ስር ዘበኛው ኦቦ ደበሌ ተጋድሟል፣
ካፖርቱን እንደለበሰ፣ አንድ እግሩ ባዶ።
ቆመጡ በሩን ተደግፎ ቆሟል፣
ከጌታው ይልቅ እሱ የነቃ ይመስላል።

ገመድ ወጠርን። «ማንም እንዳይገባ!» አልኩ፣
ግማሹ ሰፈር ገብቶ ከወጣ በኋላ።
ሲፈን ሜትሩን ዘረጋች፦
ከበሩ እስከ ራሱ ሁለት ሜትር ከአስር፣
ከራሱ እስከ መሰላሉ ክንድ አይሞላም።
ቀና ስል የመብራቱ መያዣ ባዶ፤
አምፖሉ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተኝቷል፣
እንደ እንቁላል፣ ሳይሰነጠቅ።

«አጨልመው ነው የገደሉት» አለ መንደሩ።
መንደር ፈጣን ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ ገዳይ አለው፦
ገመቹ፣ ጆንያ ተሸካሚው፣
ሐሙስ ዕለት በሃምሳ ብር ከሟች የተጣላው።
የጥንቶቹ ሌባ ሲያስሱ ለልጅ መድኃኒት ያጠጡ ነበር፣
ልጁ ተንገዳግዶ የወደቀበት ደጅ የሌባ ደጅ ነበር።
እኛ ልጁን ትተን ወሬውን አጠጣን፣
እሱም ተንገዳግዶ ገመቹ ደጅ ወደቀልን።

«አንድ ሌሊት ስጠኝ» አለኝ ሳጅን ጎሹ፣
«ቃሉን አመጣልሃለሁ።»
ያን ቃል አውቀዋለሁ።
በጥፊ የመጣ ቃል የመርማሪውን ድምፅ ይዞ ነው የሚወጣ።
እምቢ አልኩ።
ግን ገመቹንም አልፈታሁ።
መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ቀን ይላል፤
ሌሊቶቹን የቆጠረ የለም።

ከዚያ ሥራው፣ እንደ ጤፍ ለቀማ።
ምስክር ለየብቻ። «ሰማሁ» ላለው፣ ከማን?
«አየሁ» ላለው፣ የት ቆመህ? መብራት ነበር ወይ?
«ሁሉም ያውቃል» ላለው፣ እንግዲያው እዚህ ፈርም፤
ያኔ ብዕር ይከብዳል፣ መነጽር ቤት ይረሳል።
ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። ሽንኩርቱ ከሚዛን አልጎደለም።
የሆስፒታሉ ወረቀት፦ ከከፍታ መውደቅ፣ የትግል ምልክት የለም።
አምፖሉን ከአንገቱ ያዝኩ፣
ጥቁር ዱቄት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፤
ከብርጭቆው ላይ እንደ እርሻ ትልም
አንድ ጣት ብቅ አለ፣ መሃሉን ማጭድ የቆረጠው።

የገመቹ ጣት ጠባሳ የለውም።
የሟቹ አለው።

ገንደ ጋራ ወጣሁ፣ ለሚስቱ ልነግር፤
የሄድኩበትን ነገር ቤቱ ቀድሞ ነገረኝ፦
ከጣራው የተንጠለጠለ ባዶ መያዣ፣
ከስሩ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ፣
ገጹ ላይ የሻማ ጠብታ።
«ማክሰኞ ተቃጠለብን» አለች ልጅቱ፣
«አባዬ አመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»
ማስታወሻዬን ከኪሴ አላወጣሁም።

ማታ፣ ቢሮ፣ ቅጹ ከፊቴ፦
«የተገኘው አሻራ የየትኛው ጣት ነው?»
ለዚያ ጣት ቋንቋችን ሦስት ስም ሰጥቶታል፦
ሌባ፣ ጠቋሚ፣ አመልካች።
ሦስቱም በየቀኑ ጣቢያችን ይመጣሉ።
እጄ ከልማዱ «ሌባ ጣት» ብሎ ጻፈ።
አየሁት።
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሽንኩርት ጠብቆ
አንድ ራስ ያልጎደለበት ሰው።
ሰረዝኩት። መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው፤
ከጎኑ ፈረምኩ፣ «አመልካች ጣት» ብዬ።
እውነት አልሸሸግሁም፤ አምፖሉም መሰላሉም ተጽፈዋል።
ሰውየው ግን አመልክቶ ነበር፣
ትንሽ ብርሃን፣ እስከ ፈተናው ድረስ፤
ማመልከቻው ከላይ ወደቀ።

ጠዋት ገመቹ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን ቆጥሮ ተቀበለ።
ይቅርታ የሚጠየቅበት ቅጽ የለንም።
«ማነው ታዲያ?» አለኝ።
ጣቴን አነሳሁ፤
ወደማን እንደምቀስረው ጠፋኝና
መልሼ ኪሴ ከተትኩት።
ውጭ ንፋሱ የመጣበትን ዱካ እየጠረገ ነበር።